ምዕራፍ 4፦ የቀትር ሰዓት በሳውዝ ሲ

ልጆች ሳለን በቀትር ከቤት መውጣት ክልክል ነበር። ወንዝ ዳር አትቀመጡ፣ ከዋርካ ሥር አትተኙ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፋችኋል እንባል ነበር። ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌዎች ይህን ጋኔን ከመጽሐፉ ያውቁታል፤ መዝሙር 90 ላይ (በሌላው ቆጠራ 91) በሌሊት ከሚያስደነግጠውና በጨለማ ከሚሄደው ጋር ተጠርቷል። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ የአገር ቤት ተረት ነው ብዬ ትቼው ነበር። እንደገና በቁም ነገር ያሰብሁበት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ነው።

ሳውዝ ሲ ከመሐል ከተማው በስተደቡብ፣ በሞምባሳ መንገድና በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለ ሰፈር ነው። የኬንያ ቀይ መስቀል ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ይገኛል። ኬንያዊው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖርበታል። ጠዋት ሰፈሩ ሕይወት አለው፤ ተማሪው ዩኒፎርሙን ለብሶ ይሮጣል፣ የማታቱው (የሚኒባስ ታክሲው) ረዳት እየጮኸ ሰው ይጠራል፣ አስካሪ የሚባለው ዘበኛ የግቢውን በር ይከፍታል ይዘጋል። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጸጥ ይላል። ሥራ ያለው ወደ ሥራው፣ ትምህርት ያለው ወደ ትምህርቱ ሄዷል። ቤት የቀረው «ፕሮሰስ ላይ» ያለው ሰው ነው።

ፕሮሰስ የሚለውን ቃል፣ ማለትም ስደተኛ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበትን ጉዳይ፣ ናይሮቢ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። ፕሮሰስህ የት ደረሰ? ማንዴት (የስደተኝነት ማረጋገጫ ወረቀት) አለህ? ኢንተርቪው ገባህ? ሜዲካል ጨረስህ? ስፖንሰር አድራጊ አለህ? አንዳንዱ ይህን ጥያቄ ዓመት፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ሲመልስ ኖሯል። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። እነዚህ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ እያወቁ ይጠብቃሉ። ከራሳቸው በላይ የዊልሰን ትንንሽ አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ፤ ቱሪስቱን ወደ ማሳይ ማራ፣ ጫቱን ወደ ሶማሊያ ይዘው። በረራውን ለሚጠብቅ ሰው ይህን ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ቀላል አይደለም።

ስለ እምነት ጽናት ሲወራ ወዲያው ወደ ልባችን የሚመጡት ሰማዕታት ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተደበደቡት አቡነ ጴጥሮስ አሉ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ በሳምንታት ልዩነት በደርግ እጅ የተገደሉት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኝቶላቸው ነበር፤ ምእመናኑን ትተው መሄድን አልወደዱም። እነዚህን ሰዎች አክብሬ አልጠግብም። ነገር ግን ሳውዝ ሲ ውስጥ በቀን 6 ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ የተቀመጠውን ወጣት ክርስቶስን ካድ ያለው የለም። ጠመንጃ የደገነበት የለም። ከጠዋት ጀምሮ የሆነበት ነገር ቢኖር ምንም አለመሆኑ ነው። የሚጋደለውም ስም ከሌለው ነገር ጋር ስለሆነ ትግል ላይ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል።

ስሙን የሰጡት የግብፅ በረሃ መነኮሳት ናቸው። ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ኤቫግሪዮስ ነው። ጳንጦስ ከሚባለው፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለው አገር ተወልዶ በቁስጥንጥንያ ዲያቆን ነበር፤ ከዚያ ሸሽቶ በኢየሩሳሌም በኩል ግብፅ ገባና እ.ኤ.አ. በ399 እስኪሞት ድረስ በበረሃ ኖረ። ሰውን የሚዋጉትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ቈጠራቸው፤ ከስምንቱ የከበደው ይህ ነው ብሎ የለየው አንዱን ሲሆን የቀትሩ ጋኔን ማለት እርሱ ነው አለ። እኛ ሀኬት እንለዋለን። ቃሉ አሁን አሁን ስንፍናን ብቻ የሚያመለክት ሆኖ ቀርቷል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ሀኬተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ሊውል ይችላልና። ሀኬት ልብ ካለበት ቦታ መሸፈቱ ነው።

ኤቫግሪዮስ የሚቈጥረው ሰዓት ደግሞ የእኛው ነው፤ ከፀሐይ መውጫ ይጀምራል። አውሮፓዊ አንባቢ ሰዓቱን አስልቶ መመለስ አለበት፤ እኛ እንዳለ እናነበዋለን። ስዋሂሊ ተናጋሪው ጎረቤታችንም «ሳ ንኔ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ 4 ሰዓት ነው። ጋኔኑ፣ ይላል ኤቫግሪዮስ፣ ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት መነኩሴውን ይከብበዋል። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ ቀኑ 50 ሰዓት ያለው ያህል ይረዝምበታል። ደጋግሞ በመስኮት ያያል፤ ከበኣቱ ወጥቶ 9 ሰዓት ስንት ቀረው እያለ ሰማዩን ይመለከታል። ለምን 9 ሰዓት? የሚበላው ያኔ ነዋ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ኢትዮጵያዊ ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ከዚያ ሐሳቦቹ በተራ ይገባሉ። መጀመሪያ ያለበትን ቦታ ያስጠሉታል፤ ቀጥሎ የእጅ ሥራውን። በወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል፣ የሚያጽናናህ የለም ይሉታል፤ በቅርቡ ያስቀየመው ሰው ካለ ይህን ጊዜ ያነሡበታል። የተወውን ቤተሰብ፣ የድሮውን ኑሮ ያሳዩታል። ቀጥለው ኑሮ የሚቀልበት ሌላ ቦታ ይሥሉለታል፤ እግዚአብሔር እንደሆነ በየትም ይመለካል ይሉታል። ይህ የመጨረሻው በጣም ይከነክነኛል፤ እውነተኛ ቃል ነውና። ጋኔኑ ሰውየውን ከዛሬው ቀን ለማውጣት እውነቱንም ይጠቀምበታል።

ይህን ይዘን ወደ ሳውዝ ሲ እንመለስ። ሦስት ልጆች ቤድሲተር በሚባል ባለ አንድ ክፍል ቤት ይኖራሉ እንበል። አንዱ ማንቆርቆሪያውን አላጠበም፤ ከትናንት ወዲያ የተናገረው አንድ ቃል አለ፤ በ6 ሰዓት ያ ቃል ተራራ ያክላል። ከአገር ቤት ይደወላል፤ ቤተሰብ «ውጭ ነው» ብሎ ያስባል፣ የታመመ አለ፣ ገንዘብ ይፈለጋል፤ ኤምፔሳው (የስልክ ገንዘቡ) ላይ ያለው ለኪራይ የታሰበው ነው። ስልኩ ይከፈታል። ባለፈው ዓመት ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኙት ጓደኛ አሜሪካ፣ ዴንቨር ውስጥ በረዶ ላይ ቆሞ ይታያል። እዚህ ላይ የሚገባው ቅናት ከቀሩት ሁሉ ያማል፤ የሚቀናበት ሰው የሚወደድ ሰው ነው፤ አብሮ የጾመ፣ አንድ ሳህን የበላ ነው። ስለ እርሱ በረራ ጸልዮ፣ ጸሎቱ ሲሰማ ግን ልቡ የተሰበረ ክርስቲያን በራሱ ያፍራል። ለንስሐ አባቱም ለቤት ኅብረቱም አይናገርም። እኔ በእነዚህ ክፍሎች ተቀምጬ ያየሁት ትልቁ ጉዳት ይህ ዝምታ ነው። ከዝምታው በኋላ የሚመጡት ጫቱ፣ ውርርዱ፣ ሌሊት በስልክ የሚታየው ነገር ሁሉ ይህን ሰዓት ለማሳለፍ የተፈለጉ መድኃኒቶች ናቸው።

ስለ ኬዝም፣ ማለትም ስደተኛው በኢንተርቪው ስለሚያቀርበው ታሪክ፣ መናገር ግድ ነው። ከኢንተርቪው በፊት ልምድ አለኝ የሚል ሰው ይመጣል፤ ታሪክህ ደካማ ነው፣ ትንሽ አሳምረው፣ ይህን ጨምር፣ እገሌ በዚህ ነው ያለፈው ይለዋል። በሞቀ ቤት ተቀምጦ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ይቀላል፤ እኔ አልፈርድም። ግን የውሸቱን ዋጋ አይቻለሁ። የፈጠረውን ታሪክ የያዘ ሰው በየሌሊቱ ያጠናዋል፤ ቀንና ቦታ እንዳይምታታበት ይፈራል፤ አብሮት ለሚያድረው ጓደኛው እንኳ እውነተኛውን ታሪኩን መናገር ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው የራሱን ቁስል መናቁ ነው። የደረሰበት እውነተኛ ነገር አለ፤ አይበቃም ተብሎ ስለተነገረው እርሱም አይበቃም ብሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ ሲጸልይ በየትኛው ሰውነቱ ይጸልያል? እውነት ተናግረው የተከለከሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን ሳልደብቅ ነው የምለው፦ የራስን ታሪክ እንደሆነው አድርጎ መናገር በሳውዝ ሲ ኑሮ ውስጥ ከሚጠየቁት የእምነት ፈተናዎች ከባዱ ነው።

ወደ ነቢያቱ ልምጣ። ፕሮሰስ በዘገየበት ቤት ሁሉ ቀን የሚቈርጥ ሰው አይጠፋም። በዚህ ወር ትበራለህ፣ ፓስፖርትህን አየሁት ይባላል። ሌላው ደግሞ ድግምት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው የያዘህ ይላል፤ ሰውየው ከጸበል ጸበል፣ ከአዳር አዳር ይዞራል። ጸበልም አዳርም የተቀደሱ ነገሮች ናቸው፤ ክፉ መንፈስ መኖሩንም አምናለሁ። ነገር ግን ፋይል የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በቢሮ ነው፤ ሠራተኛ ያንሳል፣ ኮታ ይቈረጣል፣ መንግሥት ይለወጣል። ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጥምቀት እሑድ ዋለ። በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ቀን፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ፈጽመው የስደተኞችን ቅበላ የሚያግደውን ትእዛዝ ፈረሙ። ትኬት የተቈረጠላቸው ሰዎች በረራቸው ተሰረዘ። ሜዲካል ጨርሰው፣ ዕቃ ሸጠው፣ ቤት ለቀው የነበሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች «ድግምት ነው» ማለት ምን ዓይነት ሸክም እንደሚጨምርባቸው አስቡት። ቀን ቈርጦ የነገራቸው ሰው ደግሞ እምነታቸውን ከበረራው ጋር አስሮት ነበርና በረራው ሲቀር እምነቱም አብሮ ተናጋ።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ኤርምያስ ምዕራፍ 28ን ገልጦ ማንበብ ነው። የኢየሩሳሌም ሰዎች ተማርከው ባቢሎን ሄደዋል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ አለ። ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር ነበረ፤ ሐናንያ ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ የትኛውን መስማት እንደሚወድ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ የኤርምያስ ጠባይ ያስለቅሰኛል፤ መጀመሪያ አሜን፣ እንዳልህ ይሁን ነው ያለው። እርሱም እንዲመለሱ ይፈልግ ነበር። ግን እውነቱ 70 ዓመት ነበር፤ እርሱንም ለምርኮኞቹ በደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ምዕራፍ 29 ላይ ይገኛል። ቤት ሠርታችሁ ኑሩበት፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ምክር ነው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ታዲያ ሰውየው በ6 ሰዓት ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሥጋውን ያስብ። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ካሸነፈ በኋላ ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ያለው መልአክ አልገሠጸውም፣ አልሰበከለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ማር ይስሐቅም እንዲሁ ይመክራል፤ እርሱ በሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረ፣ ዛሬ ኳታር ከሚባለው አካባቢ የተወለደ፣ ነነዌ ላይ ጥቂት ወራት ብቻ ጳጳስ ሆኖ ወደ በረሃ የተመለሰ አባት ነው። ኤቫግሪዮስን አንብቦ አድጓል፤ በእኛም ዘንድ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር በመጻሕፍተ መነኮሳት ይነበባል። ጨለማው በጸናብህና መጸለይ ባቃተህ ሰዓት ራስህን በልብስህ ሸፍነህ ተኛ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ፤ ከበኣትህ ግን አትውጣ ይላል። ከእንዲህ ያለ ጥብቅ መናኝ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሲወጣ እንዴት ደስ ይላል። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ ሞትን ደጋግሞ የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ወንድሞቹም ይዘውት ይሂዱ። ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም።

ቀጥሎ ትንሽና የማይነቃነቅ ሥርዓት ያብጅ። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን በሰባት ጸሎት ከፍላዋለች፤ ከእነዚህ ሦስቱ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት የሚውሉ ናቸው፤ ልክ ቀትሩን ከበውት። ሰባቱን መጠበቅ ያልቻለ የ6 ሰዓቱን ይያዝ፤ አንድ መዝሙር ቆሞ ያንብብ። ውዳሴ ማርያም የዕለት ዕለቱ ተለይቶ መቀመጡ አንድ ጥቅም አለው፤ ማክሰኞን ከረቡዕ ይለያል፤ ፕሮሰስ ላይ ላለ ሰው ቀኖቹ ሁሉ አንድ ሆነውበታልና። ወንጌላዊው ወንድም ደግሞ በንባብ ዕቅዱ እንዲሁ ያድርግ። ከሰፈሩ መስጊድ የቀትር አዛን ሲሰማ ሶማሌው ባለሱቅ ሚዛኑን አስቀምጦ ይሄዳል፤ የጎረቤታችን ሰዓት አክባሪነት ለእኛም ማስታወሻ ሊሆነን ይችላል።

መልስ መስጠትንም ይልመድ። ኤቫግሪዮስ ለስምንቱም ሐሳቦች መልስ የሚሆኑ ወደ 500 የሚጠጉ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃሎችን ሰብስቦ ነበር፤ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ፈታኙን በተጻፈ ቃል እንደመለሰው ማለት ነው። «ማንም አያስታውስህም» ለሚለው ሐሳብ አንድ፣ «ጓደኛህ ቀደመህ» ለሚለው አንድ ቃል በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ አይከብድም። ሐሳቡ በመጣ ሰዓት መልስ መፈለግ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ልብ ሳይደክም ይጻፍ።

ብቻውን ግን አይሆንለትም። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 6 ላይ፣ ስለ ጦር ዕቃ ሲናገር መቆም የሚለውን ደጋግሞ ያነሣል። የጠቀሰው ጋሻ በግሪኩ ስሙ ከበር የመጣ ነው፤ በር የሚያህል ጋሻ። የሮም ወታደሮች ያን ጋሻ ጎን ለጎን ገጥመው ይቆሙ ነበር፤ የአንዱ ጋሻ ጓደኛውንም ይከልላል። ኬንያም የራሷ ምስክር አላት። በሩዋንዳና በኡጋንዳ የተነሣው የምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት እ.ኤ.አ. በ1937 ኬንያ ገባ። ወንድሞችና እኅቶች በየሳምንቱ ተገናኝተው ውድቀታቸውን በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ ቅናቱን፣ ውሸቱን፣ ቂሙን። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በቅኝ ገዥው ላይ የተነሣው የማው ማው ጦርነት ሲመጣ ብዙዎቹ የተዋጊዎቹን መሐላ አንምልም፣ ከቅኝ ገዥው መንግሥትም ጠመንጃ አንቀበልም አሉ፤ በዚህ ምክንያት የተገደሉ አሉ። በዚያ ቀን ያቆማቸው ነገር፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ 15 ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ትንንሹን ነገር ሳይደብቁ መናገራቸው ነው። በሳውዝ ሲ ቤድሲተር ያሉት ሦስቱ ልጆችም ዓርብ በ9 ሰዓት ሽሮው ሲቀርብ፣ ከመቁረሳቸው በፊት፣ ሳምንቱ እንዴት እንደ ነበረ አንድ እውነተኛ ነገር ቢነጋገሩ የሚጀመረው ከዚህ ነው። ማንቆርቆሪያው ሳይቀር ይነሣ። ቅናቱ ከተነሣ ግን ያን ቀን ሌላ አጀንዳ አያስፈልግም።

የእጅ ሥራም አለ። የበረሃ አባቶች ቅርጫት ይሠሩ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ አፈር የሌለው ሰው ከረጢት አፈር ይሞላና ጎን ለጎኑን ቀዶ ስኩማ ዊኪ ይተክልበታል፤ በረንዳ ላይ ይበቅላል። ስሙ በስዋሂሊ ሳምንቱን መግፊያ እንደ ማለት ነው፤ ደመወዝ እስኪደርስ ቤተሰቡን የሚያቆይ ጎመን ስለሆነ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ አትክልት ትከሉ ያለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። በቀን ሁለት ጣሳ ውኃ ይበቃዋል፤ ጠዋትና ማታ። በሁለት ወር ገደማ ከሥር ከሥሩ መልቀም ይጀመራል፣ ለወራትም ይሰጣል። በመካከሉ የተካዩ በረራ ከደረሰ ከረጢቱ በረንዳው ላይ ይቀራል፤ አብረውት የሚኖሩት ይለቅሙታል።